ሩልፊን መሪ ላይ

ሜፐል፣ ማርች 4 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኤፈርት፤ ደነዲን።

ጤና ይስጥልኝ። ከመርከብህ ሥር ውሃ አይጉደል፤ መርከብ ባይኖርህም ምርቃቱን ተቀበል። አንተ ያለህበት አገር በጋውና ክረምቱ ከኛ ጋር ተገላቢጦሽ ነው ስለሚሉ ሙቀት ልመኝልህ ወይስ ቅዝቃዜ አላውቅም። ብቻ ጤናህን ይስጥህ።

የእናትህ የአክስት ልጅ ሩልፊን ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከዚህ በፊት በስሜ የደረሳችሁን ሁሉ ያንቲን ናት የጻፈችው፤ ምን ብላ እንደጻፈች እግዜር ይወቅ። መርከብ ላይ ተወልዶ ከወደብ ወደብ ሲዞር ላደገ ልጅ ትምህርት ቤት ማለት ጭነቱ እስኪራገፍ የሚቀመጡበት ወንበር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ባሌ ሃርም ከሞተ በኋላ ነው፤ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ከሶርያ ከመጡ ሴቶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ። እነሱ ቶሎ ጨርሰው ሄዱ። እኔ ዘገየሁ፤ ግን ጨረስኩ። ስለዚህ ስልክ አትደውልልኝ፤ ጻፍልኝ። ሰው የሚለኝን ራሴ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያንቲንን፣ የሃርምን ወንድም የክላስን ሚስት፣ ታውቃታለህ። የመርከባችንን ፎቶዎች ሁሉ «ስካን ላስደርጋቸው» ብላ ከየቤታችን ሰበሰበች። አስደረገች። ከዚያ በኢንተርኔት ፎቶ የሚያስቀምጥ ድርጅት ዘንድ በስሟ አስገባችና እኛ ከሩቅ እንድናይ ፈቀደችልን። የምናየው እንደ ጥፍር ትንሽ ነው፤ ፊት አይለይም። ቤት ስትቀይር ደግሞ ወረቀቶቹን ጣለቻቸው።

«ምነው ያንቲን፣ የኔን እንኳ ብትመልሺልኝ?» ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? «ምን ታደርጊዋለሽ? ከጀርባው የተጻፈውን እንደሆነ አታነቢውም።»

አሁን ድርጅቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ እዘጋለሁ፣ ያለውንም ሁሉ አጠፋለሁ ብሎ ጽፏል። ያንቲን «ያራዝሙታል፤ እንዲህ እያሉ ነው የሚያስፈራሩት» ትላለች።

ከነዚያ ፎቶዎች አንዱ የኔ ነው። ያነሣችው እናትህ ዊከ ናት፤ አንድ በጋ ከኛ ጋር በመርከብ ስትዞር። መርከቡ ወደ ውሃ በሩ፣ ቦዩ ላይ በሁለት ግንብ መካከል ወዳለው ጠባብ መግቢያ፣ እየገባ ነው። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሃርም ከፊት ለፊት፣ የጭነቱ ክዳን ላይ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ያን መርከብ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼዋለሁ። የመንጃ ፈቃድ ግን የጽሑፍ ፈተና አለው። ስለዚህ ፈቃዱ የሃርም፣ የመርከቡ ስም በእሱና በክላስ «ሁለቱ ወንድማማቾች»፣ እኔ በወረቀት ላይ ገመድ ጣይ ሆንኩ። ያንቲን ዛሬም በየድግሱ «ሩልፊን መርከብ ላይ ድንች ስትልጥ ነው የኖረችው» ትላለች። ያ ፎቶ ከጠፋ እውነቷን ነው ማለት ነው።

አንተ የኮምፒዩተር ሰው ነህ አሉ። ፎቶዎቹን በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማሽኔ፣ ቁልፉ በኔ እጅ ሆኖ ማስቀመጥ ይቻላል? የሚቻል ከሆነ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። የማይቻል ከሆነ አትጻፍልኝ።

እናትህን ሳምልኝ። እሷስ ለምን አትጽፍልኝም?

አክስትህ ሩልፊን ሃዘቪንከል


ደነዲን፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ ለሩልፊን፤

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በእናቴ ቋንቋ ከጻፍኩ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ አጻጻፌ ዝጓል፤ ይታገሡኝ።

መልሱን አስቀድሜ ልጻፍ። ይቻላል።

የሚቀለው ግን ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወር ነው። በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ እንዴት እንደሆነ ከዚህ ጋር ከላክኋቸው ገጾች በመጀመሪያው ላይ ጽፌዋለሁ። በራሴ ቤት ካሉ ደግሞ ያገለገለ ኮምፒዩተር ይበቃል። በውስጡ የነበረውን ጠርገን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም እንጭንበታለን። ሊኑክስ ዩኒክስ የሚባለው የጥንቱ ሲስተም ዘመድ ነው፤ ልጁ ባይሆንም ጠባዩን ወርሷል። በእሱ ላይ ፎቶ የሚያደራጅ ፕሮግራም እናስቀምጣለን፤ ፎቶውን በቀን ይደረድራል፣ ፊት ይለያል፣ እርስዎ ለፈቀዱለት ሰው ብቻ ያሳያል። እንዲህ ያለው ማሽን ሰርቨር ይባላል። ሥራው ቤት መጠበቅ ነው፤ ሁልጊዜ በርቶ ይቀመጣል።

ሲከፍቱት ጥቁር መስኮት ይመጣል። እዚያ ላይ ትእዛዝ ይጽፋሉ። ትእዛዞቹን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ነጥቡንም ክፍተቱንም እንዳለ ይቅዱት። አንድ ነገር እንዳያስደነግጥዎ፦ ትእዛዙ ሲሳካ ማሽኑ አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ሲሳሳቱ ብቻ ነው።

እናቴ ደህና ናት። መጻፍ ስለሚያደክማት ነው። ሰላምታዎን አድርሻለሁ።

አክባሪዎ ኤፈርት


ሜፐል፣ ኤፕሪል 26 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኤፈርት።

እንዴት ከረምክ? ነፋሱ ከኋላህ ይሁን።

ስለ ሌላ ድርጅት የጻፍክበትን ገጽ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ከአንዷ ያንቲን ወጥቶ ወደ ሌላዋ ያንቲን መግባት ነው።

ኮምፒዩተሩን ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ወሰድኩ። ሻጩ «እማማ፣ ይኼ እኮ ጌም አያጫውትም» አለኝ። «እኔም ጨዋታ አላማረኝም» አልኩት። «ለልጅ ልጅ ነው?» «ለራሴ ነው። ሰርቨር ላደርገው ነው።» ሳቀ። «ሳቅህን ጨርሰህ መኪናዬ ላይ ጫንልኝ» አልኩት፤ ጫነ።

ገጾችህን ቀዳሁ። እኔ እንደሌላው ሰው ቃሉን በጨረፍታ አላነብም፤ ፊደል በፊደል ነው የምሄድ፤ ያንቲን ስትስቅብኝ የኖረችው በዚህ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ይህ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ብቻ ተቆጣኝ። ሲሳካ ዝም ይላል ያልከኝን ገና ሳነበው ነው የገባኝ። የሃርም አባት እንደዚያው ነበር። ገመዱን በትክክል ስትወረውር ዝም፤ ስትስት ግን ድምፁ ከወደቡ ማዶ ይሰማል። ከእሱ ጋር የኖረች ሴት ሊኑክስ አይከብዳትም።

የዩኒክስ ልጅ ሳይሆን ዘመድ ነው ማለትህም ደስ አለኝ። እንደኔና እንዳንተ መሆኑ ነው።

አሁን የምነግርህን ግን ለማንም አትንገር። ማሽኑ ስሙ ማን እንዲባል ጠየቀኝ። አንተ «የፈለጉትን ይጻፉ» ብለሃል። ትንሽ ተቀመጥኩ። የመርከባችንን ስም በየጸደዩ በቀለም የማድሰው እኔ ነበርኩ። ፊደሉን ሳላውቀው ቅርጹን ተከትዬ «ሁለቱ ወንድማማቾች» እያልኩ፣ ተንጠልጥዬ። እና ሩልፊን ብዬ ጻፍኩ። አሁን በጥቁሩ መስኮት በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ስሜ ቀድሞ ይቆማል፤ ትእዛዙ ከኋላው ይመጣል።

ከመርከብ ወርጄ የገባሁበት የምድር ላይ ቤት ግን አሁንም አልለመደኝም። ዕቃው ሁሉ ሰነፍ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሰዓት እንኳ ጊዜ መቁጠር አቅቶት ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጠጋኝ ጠርቼ «ጤነኛ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጠጋኝ ይሉሃል ይኼ ነው።

እናትህ መጻፍ የሚያደክማት ከሆነ አንተ ጻፍላት። የምትለውን ብቻ ጻፍ፤ ሳትዘል።

አክስትህ ሩልፊን


ደነዲን፣ ሜይ 20 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ ጋ ቅዝቃዜው ገብቷል።

ደብዳቤዎን መሥሪያ ቤት ይዤ ሄድኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ማሽኑ ሁለት ጊዜ ብቻ መቆጣቱን አላመኑም።

ሦስት ነገር ልንገርዎ። አንደኛ፣ ሙሉውን ቅጂ ከድርጅቱ ማስመጣት የምትችለው በስሟ ያስገባችው ያንቲን ብቻ ናት። መጠየቅዎ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ፎቶዎቹ ሲመጡ ማሽኑ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት በሌላ ዲስክ አንድ ቅጂ ያድርጉና ከቤትዎ ውጭ ያስቀምጡት። ይህን እባክዎ አይዝለሉት። ሦስተኛ፣ ማሽኑ በየሰዓቱ ወደ እኔ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት እንዲልክ የሚያደርግ ትእዛዝ አብሬ ልኬአለሁ። ከፈቀዱ ደግሞ እኔም ከዚህ ሆኜ መግባት እንድችል ቁልፍ ቢሰጡኝ ብዙ አግዝዎታለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። እናቴ ከእናንተ ጋር በዞረችበት በጋ የተነሡ ፎቶዎች ሲያገኙ ለብቻ ቢያስቀምጡልኝ። ቢፈጥን ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ ኤፈርት


ሜፐል፣ ጁላይ 2 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኤፈርት።

እንደምን አለህ? የምትረግጠው ሁሉ ደረቅ ይሁን።

ቁልፉን ለማንም አልሰጥም፤ ላንተም ቢሆን። አትቀየመኝ። «አለሁ» የሚለውን ግን አስገብቻለሁ። አሁን በየሰዓቱ ሩልፊን አለሁ እያለች ነው።

ያንቲን ቤት ሄድኩ። ክላስ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ እሷ ሻይ ቀዳች።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«የፎቶዎቹን ሙሉ ቅጂ እንዲልኩልሽ ጠይቂያቸው። ለኔ ስጪኝ።»

«የት ልታደርጊው?»

«ሰርቨር አለኝ።»

ሻይዋ ትን አላት። «ምን አለሽ?»

«ሰርቨር። ሊኑክስ ነው።»

«አንቺ? የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ለማንበብ ጣትሽን ከፊደሉ ሥር የምታስኬጂው?»

«ጣቴ ቀስ ብሎም ደርሷል። ያንቺ ዓይን ነው ያልደረሰው፤ የመዝጊያውን ቀን መቼ አነበብሽ?»

«ያራዝሙታል አልኩሽ እኮ! እሺ ውሰጂ፤ ውሰጂና ዝም በይ። ሲበላሽብሽ ግን እኔ ጋ እንዳትመጪ።»

ያንቺ ሲጠፋ አንቺ ትመጫለሽ ልላት ነበር። ዋጥኩት። ገመድ ሳትጥል አፍ አትክፈት ይል ነበር አባቴ።

ፎቶዎቹ በጥቅል በጥቅል መጡ። እንዳልከኝ መጀመሪያ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኳቸው። ዲስኩን በብስኩት ቆርቆሮ ከትቼ ለቤረንድ ሰጠሁት። ቤረንድ የድሮ ወዳጃችን ነው፤ «መልካም ተስፋ» በሚባለው መርከቡ ዛሬም እስከ ባዝል ሲሚንቶ ያመላልሳል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ምድር ላይ፣ አንዱ ውሃ ላይ ነው። ቤት ይቃጠላል፣ መርከብም ይሰምጣል፤ በአንድ ቀን ግን ሁለቱም አይሆኑም።

ከዚያ ማስገባት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁሉም ፎቶ ያንቲን ስካን ባስደረገችበት ቀን ላይ ተቆለለ። አማቴ ስታገባም፣ አማቴ ስትቀበርም፣ ቦዩ በረዶ የሆነበት ክረምትም፣ ሁሉም አንድ ማክሰኞ ላይ! ፕሮግራሙ ፊትም መለየት ጀምሯል። ያንቲንንና አማቷን አንድ ሰው አድርጎ «ትክክል ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው ትቼዋለሁ፤ ያስብበት።

የኔንና የእናትህን ፎቶ ገና አላገኘሁትም። ክምሩ ብዙ ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። ማሽኑ ይወድቃል። ከመዘምራን ልምምድ ስመለስ ጠፍቶ ይጠብቀኛል። ቁጭ ብዬ እያየሁት አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም፤ ዞር ስል ብቻ ነው። ልክ እንደ ሃርም፣ ካላዩት አይሠራም። በል ምክንያቱን ንገረኝ።

ስለ እናትህ ዛሬም አንዲት መስመር ናት የጻፍክልኝ። እኔ ደብዳቤ ሲዘለልብኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። የተዘለለ አውቃለሁ።

አክስትህ ሩልፊን


ደነዲን፣ ጁላይ 25 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ፤

እውነትዎን ነው። ዘልያለሁ።

እናቴ አሁን የምትኖረው በእንክብካቤ ቤት ነው። እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶባታል። የምትናገረው በልጅነቷ የምታውቀውን የመርከብ ሰው ቋንቋ ብቻ ነው፤ ነርሶቹ አንድ ቃል አይገባቸውም። እኔን አንዳንዴ አባቴ ትለኛለች፣ አንዳንዴ የወደብ ተቆጣጣሪ። ስለ አንድ የውሃ በር ደጋግማ ታወራለች፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ፎቶ ባሳያት ብዬ ነበር። እጄ ያለው ፎቶ ሁሉ የዚህ አገር ነው፤ ስታየው ፊቷን ታዞራለች።

ስለ ማሽኑ። «አለሁ» የሚለው መልእክት ረቡዕ ከሰዓት ይቋረጣል፣ እሑድ ጠዋትም ይቋረጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። በኢንተርኔት ሰብሮ የሚገባ ሌባ ቢሆን የመዝሙር ሰዓት አይጠብቅም። የኃይል መስጫው ሳጥን አርጅቶ ይሆናል፤ ያስቀይሩት። የሚያሳስበኝ ዲስኩ ነው። አሮጌ ዲስክ እየሠራ ሳለ መብራት በድንገት ሲቋረጥበት ይጎዳል፤ አንድ ቀን አልነሣም ይላል። እባክዎ ቶሎ ያድርጉት።

አክባሪዎ ኤፈርት


ደነዲን፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ አሳስቦኝ ነው የምጽፈው። «አለሁ» የሚለው መልእክት ከቀረ ሰነበተ። የእርስዎም ደብዳቤ ቀረ። ድርጅቱ የሚዘጋው ዛሬ ነው።

ፎቶዎቹ ጠፍተው ከሆነም ይጻፉልኝ። አልቆጣም፤ ማንም አይቆጣዎትም። ብቻ ደህና መሆንዎን ልወቅ።

ኤፈርት


ሜፐል፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኤፈርት።

ጤና ይስጥልኝ! እናትህንም ጤና ይስጥልኝ! ወንበር ስበህ ተቀመጥ፤ ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው።

የኃይል ሳጥኑን አስቀየርኩ። ማሽኑ እንደገና ወደቀ። ሽቦውን ቀየርኩ፤ ወደቀ። ተሳደብኩ፤ እሱም አልጠቀመ። ከዚያ በሴፕቴምበር አጋማሽ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሳስነሣው ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ። ይኼኛው ዝምታ የመሳካት አልነበረም። ያስገባሁት ሁሉ፣ የመጣው ጥቅልም ጭምር፣ እዚያ ውስጥ ነበር። የኔን ፎቶ ገና አላገኘሁትም ነበር።

ያንቲን ጋ ሄጄ እንደገና አስልኪልኝ እንዳልል «ሲበላሽብሽ እኔ ጋ እንዳትመጪ» ብላኛለች። ቅጂውን የያዘው ቤረንድ ባዝል ነው። የራይን ወንዝ ውሃው ቀንሶ መርከቦች ጭነት እያራገፉ ይጠብቃሉ ተባለ። ድርጅቱ የሚዘጋበት ቀን መጣ፤ ተዘጋም። ያንቲን ደወለችልኝ። «አላራዘሙትም» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ያንቺ ሰርቨር ላይ አለ አይደል?» ምን ልበላት? «አለ» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ውሃ ላይ አለ። ግን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ የት እንደደረሰ በማይታወቅ መርከብ። ላንተ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። የተሸነፈ ደብዳቤ መጻፍ አልተማርኩም።

አሁን ስማ። ድርጅቱ በተዘጋበት ሳምንት ረቡዕ ከልምምድ ስመለስ ጎረቤቴ ፌና አብራኝ ገባች። ፌና መርከብ ረግጣ የማታውቅ የምድር ሴት ናት። በሩን ከፈትኩ፣ እጄን ወደ ቆጣሪው ሳጥን ዘረጋሁ።

«ሩልፊን፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«መብራት አበራለኋ።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኛ፤ ስወጣ።»

«ዋናውን? የቤቱን ሁሉ?»

«ታዲያ ግማሹን ነው እንዴ? ከመርከብ የሚወርድ ዋናውን ሳያጠፋ ይወርዳል? እሳት ቢነሣ...»

ፌና የምድጃውን ሰዓት አየች፤ ዜሮ ዜሮ ይላል። ማሽኑን አየች። እኔን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ማንሣት አቃተኝ፤ እኔም እየሳቅሁ ነበርና።

ማሽኑን ያጠፋሁት፣ ሰዓቱን ያደነዘዝኩት፣ ዲስኩን የገደልኩት እኔው ነኝ። መርከብ ላይ ሬዲዮውና ውሃ መምጠጫው የራሳቸው ባትሪ አላቸው፤ ዋናውን ብታጠፋ አይነካቸውም። እጄ እንደዚያው መስሎት ኖሯል። ጭንቅላቴን ግን ማን ጠየቀው? ወጥቶ የሚገባው እጅ ነው።

«መልካም ተስፋ» በሚቀጥለው ሳምንት ደረሰ። ውሃ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ቤረንድ ከላይ ሆኖ «ሩልፊን፣ መሰላል ላውርድልሽ?» አለኝ። «መሰላል ለያንቲን አውርድ» ብዬ ዘለልኩ። ጉልበቴ ሳምንት ሙሉ ወቀሰኝ፤ ይውቀሰኝ። ቆርቆሮውን አወጣ። «ስንት ቀን ብስኩት መስሎኝ ልከፍተው ነበር፤ ሚስቴ ናት እጄን የምትመታኝ» አለኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ደረቴ ላይ አቅፌ ወረድኩ።

አዲስ ዲስክ ገዛሁ። ሊኑክሱን እንደገና ጫንኩ፤ በዚህኛው ገጾችህን ያወጣሁት ለማመሳከር ብቻ ነው። ማሽኑ አንድም ጊዜ አልተቆጣኝም። ስም ሲጠይቀኝም አልተቀመጥኩም፤ ወዲያው ጻፍኩ። ቆጣሪው ሳጥን ላይ ደግሞ በትልቅ ፊደል «አትንኪ» ብዬ ለጥፌአለሁ። ለራሴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። የምድጃው ሰዓትም ይኸው ይቆጥራል፤ ያን ጠጋኝ ግን ይቅርታ አልጠይቀውም።

ፎቶውን አገኘሁት ኤፈርት።

በሙሉ መጠኑ ከፈትኩት። እንደ ጥፍር ሳይሆን እንደ መስኮት። እጆቼ መሪው ላይ ናቸው፤ እጅጌዬ ተሰብስቧል፤ ዓይኔ የበሩን ግንብ ይለካል። በግራም በቀኝም የቀረው ክፍተት መዳፍ አያስገባም። ሃርም ክዳኑ ላይ ተኝቷል፤ ካልሲው ተቀዷል። እና ትንሽ ሆኖ ሳየው ለይቼው የማላውቀው አንድ ነገር አለ። ከሃርም ጀርባ ሁለት ሌሎች እግሮች ተዘርግተዋል። የክላስ ናቸው። እሱም ተኝቷል!

ቁልፉን ለማንም አልሰጥም ብዬህ ነበር። በሌላ ፖስታ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ልኬልሃለሁ። ማየት ትችላለህ፤ ማጥፋት አትችልም። ወደ እናትህ ይዘኸው ሂድ።

አክስትህ ሩልፊን


ደነዲን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019

ለአክስቴ ለሩልፊን፤

እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ። ሳልዘል እጽፋለሁ።

ፎቶውን በትልቅ ስክሪን ይዤላት ሄድኩ። ቀረብ ብላ አየችው። ፊቷን አላዞረችም።

«ማን ናት እማዬ?» አልኳት።

«ሩልፊን ናት እንጂ! ዓይን የለህም እንዴ?»

«ሃርምስ?»

«ተኝቷላ። መቼ ነቅቶ ያውቃል?»

ከዚያ ወንበሩን ጨብጣ ጮኸች፤ ነርሷ ሮጣ መጣች። «ቀኝ ሩልፊን! ቀኝ! ግንቡን ትነኪዋለሽ!» ነርሷ «አሟታል?» አለችኝ። «አይደለም፣ መርከብ እያስገባች ነው» አልኳት። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ለቀቀችው። ወደ እኔ ዞረች።

«ገባች» አለች። «አልነካችውም። አየህ ኤፈርት? ቀለሙን እንኳ አልነካችውም።»

ኤፈርት አለችኝ።

አሁን በየቀኑ ከርስዎ ቤት እገባለሁ። «አለሁ» የሚለውም መልእክት ከዚያ ወዲህ አንዴም አልተቋረጠም።

ልጅዎ ኤፈርት


ሜፐል፣ ዲሴምበር 29 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኤፈርትና ለዊከ።

እንኳን አደረሳችሁ። መጪው ዓመት ሰፊ ውሃ ይሁንላችሁ።

ደብዳቤህን ለፌና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጣቴን ከፊደሉ ሥር ሳላስኬድ። «ገባች» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት፤ ሌላውን አንድ አንድ ጊዜ።

ያንቲን መጣች። በሬ ላይ ቆማ ኬክ ይዛ። የልጅ ልጇ ልታገባ ነው፤ በሠርጉ ላይ የቤተሰቡን ፎቶ በትልቁ ስክሪን ማሳየት ትፈልጋለች። እሷ ዘንድ ያለው ባዶ ነው።

«ሩልፊን፣ ትንሽ ብታበድሪኝ...»

«አላበድርም። ግቢ፣ ተቀመጪ፤ የራስሽን መግቢያ እከፍትልሻለሁ።»

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ስሟን ጻፍኩ። እሷ ከኋላዬ ቆማ መስመሩን ሁሉ እያየች «ይኼ ሩልፊን ሩልፊን የሚለው ምንድን ነው?» አለች። «የማሽኑ ስም ነው» አልኳት። «ማን አወጣለት?» «ባለቤቷ።» ኬኩን ቆረስኩላት። ማሽኑ ዝም አለ፤ ተሳክቷል ማለት ነው።

ሠርጉ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ሙሉ የመርከብ ሰው። ያንቲን ማይክሮፎን ይዛ ፎቶ በፎቶ ለሙሽሮቹ ታስረዳለች፤ ማስረዳት ትወዳለች። እኔ ከኋላ ከቤረንድ ጋር ተቀምጫለሁ። አንተ በማሽኔ በር የምትገባ ሰው ነህና ታውቃለህ፤ ማንም ቢገባ መጀመሪያ የሚወጣለት አንድ ፎቶ ነው። ከሥሩ በገዛ እጄ የጻፍኩት አለ። ስክሪኑ ላይ ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ። ያንቲን ልማዷ ነውና ከሥሩ ያለውን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፦

«ሩልፊን መሪ ላይ። የመርከቡ ስም ሁለቱ ወንድማማቾች። ሁለቱም ወንድማማቾች ተኝተዋል።»

ከዚያ ክላስ ከፊት ወንበር፣ ጆሮው የማይሰማው ክላስ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በዱላው እያመለከተ «እውነት ነው!» አለ። «እሷ መሪ ስትይዝ ነበር ደህና እንቅልፍ የምንተኛው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቤረንድ ጀርባዬን ሲመታኝ መነጽሬ ወደቀ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለኔ የመጣውን ደብዳቤ ስታነብልኝ የኖረችው ያንቲን ናት፤ የፈለገችውን እየዘለለች። ያን ቀን ግን አዳራሹ ሙሉ ፊደል የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እኔም አንዷ። አንድም ቃል መዝለል አልቻለችም።

አለሁ።

ሩልፊን